ሐተታ ዘሴራሚክ፦ በከሚሴ ከተማ የአንዲት ሳሎን ወለል ለማንጠፍ ስለሚወጣው ወጪ

መቅድም

የሰው ልጅ ከዋሻ ከወጣ ጀምሮ ሦስት ታላላቅ ጥያቄዎች እንቅልፍ ሲነሱት ኖረዋል፦ ከየት መጣሁ? ወዴት እሄዳለሁ? ካሬውስ ስንት ነው? በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የሃይማኖት አባቶችና ፈላስፎች መደርደሪያ የማይችለው መጽሐፍ ጽፈዋል። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ለባለ ሱቅና ለደላላ ተትቷል። እኛ ይህን አሳፋሪ የዕውቀት ክፍተት ለመድፈን ብዕር አነሣን። ማንም አልለመነንም፤ ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ የሚጀመሩት እንዲህ ነው።

የምርምሩን ወሰን እናስምር። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በቦርከና ወንዝ አካባቢ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የምርምሩ ስልት በግንባታ ዕቃ መደብር ደጃፍ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጡ ሰው የሚለውን መስማት ነው። በዚህ ስልት የተገኘው ታላቅ መላምት እነሆ፦ ከሴራሚክ ወጪ ውስጥ ትንሹ የሴራሚኩ ዋጋ ነው።

ዋጋውን በብር የማንጽፍበትን ምክንያት አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ጠዋት ቢጻፍ ከሰዓት በኋላ የታሪክ ሰነድ ይሆናል። በዚያ ላይ ባለ ሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በደረሰኝ ነው፣ ያለ ደረሰኝ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንዱ ዕቃ በ15 በመቶ የሚራራቁ ሁለት ዋጋዎች ይኖሩታል። ስለዚህ እኛ የምንለካው በካርቶን፣ በኩንታልና በትዕግሥት ነው። እነዚህ ከምንዛሬ ጋር አይዋዥቁም፤ ሦስተኛው ብቻ ቶሎ ያልቃል።

ምዕራፍ አንድ፦ ስለ ጥንታውያን

ሳቃራ ላይ ንጉሥ ጆሰር ባሠራው ባለ ደረጃ ፒራሚድ ሥር ያሉት ክፍሎች ከ4,500 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በሰማያዊ አንጸባራቂ ሴራሚክ ተለብጠው ነበር። ባቢሎንም የኢሽታርን በር በቀለማት ጡብ አስጊጣለች። ይህን ያነሣነው ሊቅ መሆናችን እንዲታወቅ ያህል ነውና እንለፈው።

የማናልፈው የኢስታንቡልን ጉዳይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1609 ተጀምሮ በ1616 የተጠናቀቀው የሱልጣን አሕመድ መስጊድ በውስጡ ከ20,000 በላይ የኢዝኒክ ሴራሚኮች አሉት። ሱልጣኑ ግን ለአንዱ የሚከፈለውን ዋጋ በአዋጅ ቆረጡ። የገበያው ዋጋ ወደ ላይ ሲሄድ የአዋጁ እዚያው ቀረ። ጥራቱም ከዋጋው ጋር ተመጣጠነ፦ ቀለሙ ደበዘዘ፣ ልባጡ ድምቀቱን አጣ። የኦቶማን ሱልጣን ያልቻሉትን ነገር አንድ የከሚሴ ነጋዴ ሐሙስ ከሰዓት ሲሞክረው አይተናል። የእጅ ዋጋውን በካሬ ተከራክሮ ተከራክሮ አስወረደ፤ አሸናፊ ሆኖም ወደ ቤቱ ሄደ። ሠራተኛውም «እሺ» አለ። በሴራሚክ ዓለም ከ«እሺ» የበለጠ የሚያስፈራ ቃል የለም።

የአካባቢያችን ወለል የራሱ ታሪክ አለው። አፈሩ ይደለደላል፣ በእበትና በጭቃ ይለቀለቃል፣ በዓል ሲሆን ወይም እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል። በቄጠማ ነገር በአካባቢያችን ያለው የጨፋ ረግረግ ለምለም ነው፤ በበጋ ከአፋር ሳይቀር ከብት ይዘው የሚመጡበት ሜዳ ነው። የዚያ ወለል ወጪ በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። የሚለቀልቁት እናቶች ነበሩና፣ የእናት ጉልበት ደግሞ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ከዚያ ሊሾ መጣ፤ ከሊሾ በኋላ በሜትር የሚሸጠው ፕላስቲክ ምንጣፍ፤ ከዚያ ሴራሚክ። በመካከል ቴራዞ ለሹማምንት ቢሮ ብቻ ታይቶ አልፏል።

ምዕራፍ ሁለት፦ ስለ መንገዱና ስለ አፈሩ

ሴራሚኩ የተሠራው ደብረ ብርሃን ነው እንበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ብርዷ በአገር የታወቀ ከተማ ናት። ጎህ ሲቀድ በባዶ እግሩ ሴራሚክ ላይ የሚቆም ጤነኛ ሰው እዚያ አይገኝም። ከሚሴ በተቃራኒው ቆላ ናት፤ በግንቦት ቀትር ጥላ ውስጥ የተኛ ውሻ እንኳ የሚተነፍሰው በችግር ነው፤ ቀዝቃዛ ወለልም ነፍስ ይዘራል። እንግዲህ ቅዝቃዜው ደጋ ላይ ተመርቶ በካርቶን ታሽጎ ወደ ቆላ ይላካል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የተሳካ የደጋና የቆላ ንግድ በምጣኔ ሀብት መጻሕፍት አላገኘንም።

ግን ዕቃው መውረድ አለበት። አይሱዙው ጣርማ በርን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያልፋል፤ ጣሊያን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው ዋሻ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን አቆራርጦ ይደርሳል። የአንዲት ሳሎን ሴራሚክ ከአምስት ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ በእያንዳንዱ ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ጥግ ትሸረፋለች። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚህ መስመር የነበረውን ግጭትና ጦርነት የሚያስታውስ ሰው ደግሞ መንገድ ሲዘጋ የማጓጓዣ ዋጋ ምን እንደሚሆን አስረጂ አይሻም። ሲሚንቶውም ቢሆን እንዲሁ ነው። መስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ፋብሪካ ሲመረቅ ሰሜን ሸዋ ጎረቤታችን ነውና ሲሚንቶ በእግሩ እየሄደ ይመጣል ብለው የጠበቁ ነበሩ። ሲሚንቶ በእግሩ አይሄድም።

ከመንገዱ በላይ ግን የሚያስፈራው አፈሩ ነው። በቦርከና ሜዳ ዳርና ዳር ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ያለ ወለልም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ፣ ገረጋንቲ ተሞልቶና ተደልድሎ፣ ድንጋይ ተደርድሮ፣ ኮንክሪት ካልፈሰሰ በቀር የተነጠፈው ሴራሚክ ዕድሜው አንድ ክረምት ነው። ይህ ሁሉ ወጪ ከሥር ይቀበራል፤ እንግዳም አያየውም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በዚያ ላይ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ እዚሁ አጠገባችን ማጀቴን አፈራርሷታል። ባለቤቱ የተሰነጠቀች ሴራሚክ ባየ ቁጥር «የመሬት መንቀጥቀጥ ነው» የሚለው ሠራተኛ እንግዲህ ታሪካዊ መሠረት የለውም አይባልም። ሴራሚኳ በተሰነጠቀችበት ዕለት ግን መሬቱ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ ስሌት፣ ወይም ስለ ስልሳ ዘጠነኛዋ

አሁን ወደ ሐተታው እምብርት ደረስን። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ።

ሳሎናችን 4 ሜትር በ5 ሜትር ናት እንበል፤ 20 ካሬ። የመረጥነው 60 በ60 ነው፤ በተለምዶ አንዱ ካርቶን አራት ፍሬ ይይዛል፣ 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ባለ ሱቁ በስልኩ ካልኩሌተር 20ን ለ1.44 ያካፍላል፤ 13.9 ይመጣል። «14 ካርቶን ይበቃዎታል» ይላል። 56 ፍሬ መሆኑ ነው። ባለ ሱቁ አልዋሸም። 56 ፍሬ በእርግጥ ይበቃል፤ የሚበቃው ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው።

በ4 ሜትሩ በኩል ስድስት ሙሉ ፍሬ ይገባና 40 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ሰባተኛዋ ተቆርጣ 40ው ይነጠፋል፣ 20ው በእጅ ይቀራል። በ5 ሜትሩ በኩል ስምንት ሙሉ ረድፍ ከሄደ በኋላ መጨረሻው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል። አስተዋይ ሠራተኛ ከየረድፉ የተረፉትን ስምንት ባለ 20 ቁራጮች አስቀምጦ አዙሮ እዚያ ይደረድራቸዋል፤ ሰባቱ ይበቁታል። 56 ፍሬ፣ ሥራው አለቀ። ሌላው ሠራተኛ ቁራጮቹን በየረድፉ ወደ ውጭ እየወረወረ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ሰባት አዲስ ፍሬ ይቆርጣል። 63 ፍሬ። የሁለቱ ሠራተኞች የእጅ ዋጋ በካሬ እኩል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሰባት ፍሬ፣ ማለትም ሁለት ካርቶን ሊሞላ ምንም የማይቀረው ነው። ይህን ልዩነት በየትኛውም የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ተጽፎ አላየንም።

በግድግዳው ሥር የሚዞረውን ዞኮሎ እንጨምር። የክፍሉ ዙሪያ 18 ሜትር ነው፤ ከበሩ 90 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 17.1 ሜትር ይቀራል። እያንዳንዷ ፍሬ በ10 ሳንቲ ሜትር ስትሰነጠቅ ስድስት ቁራጭ ትሰጣለች፤ 29 ቁራጭ ያስፈልጋል፤ አምስት ፍሬ። 63 ሲደመር 5፣ 68። ለ4 ሲካፈል 17 ካርቶን፣ ያለ ምንም ትራፊ! ቁጥሩ እንዲህ አምሮ ሲመጣ እኛ ራሳችን ከሲሚንቶው ከረጢት ላይ ብድግ ብለናል።

ከዚያ አንዷ ትሰበራለች።

ሁልጊዜ አንዷ ትሰበራለች። ጣርማ በር ላይ፣ ወይም ከባጃጅ ሲወርድ፣ ወይም መቁረጫው ሲነካት። ስልሳ ዘጠነኛዋ ፍሬ ታስፈልጋለች፤ ሱቁም ፍሬ አይሸጥም፤ ካርቶን ይሸጣል። አሥራ ስምንተኛው ካርቶን ይገዛል። የምርት ቁጥሩ ግን ከቀድሞዎቹ የተለየ ነው፤ ያኛው የቅቤ ነጭ፣ ይህኛው የወተት ነጭ። የሱቁ አምፖል ሥር አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ቤት ውስጥ በመስኮት ብርሃን አንዲቷ ባዕድ ሆና ለዘላለም ትኖራለች፤ የመጣ እንግዳም ሁሉ ስልሳ ሰባቱን ትቶ እሷን ያያል። ባለሙያዎች ከመነሻው 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፍ ደግሞ 15 በመቶ ጨምራችሁ ግዙ፣ የካርቶኑንም የምርት ቁጥር አመሳስሉ የሚሉት ለዚህ ነው።

ስለ ሲሚንቶው ባጭሩ። ማጣበቂያው ልስን 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ተብሎ፣ ለ20 ካሬ አራት ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ይፈጃል። የቀድሞው ሊሾ ውሃ ልኩን ስቶ ከሆነና በአማካይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ካጎደለ፣ ያቺ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻዋን ሁለት ኩንታል ትበላለች። በአካባቢያችን ከእሷ የበለጠ የሚበላ ፍጥረት አልተመዘገበም።

ምዕራፍ አራት፦ ስለ «አብሽር»

በወሎ ምድር የተነጠፈ ሴራሚክ ሁሉ ከሥሩ ሁለት ነገር አለው፦ ሲሚንቶና «አብሽር»። ከሁለቱ አንዱ ሲበዛ ሌላው ያንሳል።

ጥሩ ሠራተኛ ልስኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ያነጥፋል። የቸኮለው በአራቱ ጥግና በመሀል አምስት ጉብታ ጣል አድርጎ ሴራሚኳን ይጭንባታል፤ ከሥሯ አየር ይቀራል። የሶፋ እግር ወይም የብረት ምድጃ በዚያ ባዶ ላይ ያረፈ ቀን ትሰነጠቃለች። ከላይ ሲታይ ልዩነት የለም። መመርመሪያው ድምፅ ነው። እኛ በቆምንበት አንድ አዛውንት ሐጂ ጎንበስ ብለው በቤት ቁልፍ ሴራሚኮቹን አንድ በአንድ እያንኳኩ ሄዱ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዱም።

«ልጄ፣ ይቺ ለምን እንደ ድቤ ትጮሃለች?»

«አብሽሩ ሐጂ፣ ሲደርቅ ይጠፋል።»

«የሚጠፋው ድምፁ ነው ወይስ አንተ?»

የሳይንስ ሰዎች ለዚህ ምርመራ ውድ መሣሪያ ሠርተዋል። ለ20 ካሬ ቤት የሐጂው ቁልፍ በቂ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያ ሳይከፈል ማንኳኳት ብቻ ያስፈልጋል።

የቆላው ፀሐይም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ልስኑ ጥንካሬ ሳይዝ ይደርቃል። ውሃ የሚመጥ ሴራሚክ ካልተነከረ ደግሞ ከልስኑ ውሃውን ጠጥቶ ይነቀላል። አይ ኤስ ኦ 13006 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሴራሚክን በሚመጠው ውሃ ይመድባል፦ ፖርሴሊን የሚባለው ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፣ የግድግዳው ግን ከ10 በመቶ በላይ ሊመጥ ይችላል። ርካሽ ነው ብሎ የግድግዳውን ለወለል የገዛ ሰው ከሚሴ ውስጥ አለ። ስሙን አንጠራም፤ ወለሉ ራሱ ይናገራል።

ምዕራፍ አምስት፦ ስለ በሩ

አራት ሳንቲ ሜትር ልስን፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ሴራሚክ፤ ወለሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። የላሜራው በር ግን ከፍ አላለም። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ከውስጥ ነበረ፤ በሩ አልከፈት አለ።

በያጅ ይጠራል። በያጁ ይመጣል፣ መብራት ይሄዳል። በያጁ ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል። ሁለቱ የተገናኙ ቀን በሩ ከሥሩ ይቆረጣል፣ የቆረጣው ፍንጣሪ አዲሱ ሴራሚክ ላይ አርፎ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል፣ በሩ ቀለም ይቀባል። በሩ አዲስ ሲሆን መስኮቱ አሮጌ ይመስላል። ዲዴሮ የተባለው የፈረንሳይ ፈላስፋ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንድ አዲስ የቤት ካባ አግኝቶ፣ በካባው ምክንያት ወንበሩም ጠረጴዛውም አስጠልተውት አንድ በአንድ እንደ ለወጣቸው በቁጭት ጽፏል። ዲዴሮ የጀመረው በካባ ብቻ ነው። በወለል ቢጀምር ኖሮ ጽሑፉን አይጨርሰውም ነበር፤ ከሳሎኑ ወደ መኝታ ቤቱ ሲገባ አምስት ሳንቲ ሜትር ደረጃ ያደናቅፈውና መኝታ ቤቱንም ያስነጥፋል።

ምዕራፍ ስድስት፦ ስለ ገንዘቡ

እዚህ ላይ ምርምራችን ቀልዱን ትንሽ ያቆማል። በከሚሴ፣ በባቲና በዙሪያው ካሉት ሴራሚክ ቤቶች ብዙዎቹ የተነጠፉት ዐረብ አገር ባሉ ልጆች ገንዘብ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ግማሽ የቀሩ ቤቶች በየሰፈሩ ቆመው ቀርተው ነበር፤ ቆይተው ግን ሰዎቹም ተመልሰው ሄዱ፣ ቤቶቹም ቀጠሉ።

ሴራሚኩ የሚመረጠው በኢሞ ነው። ወንድምየው ሱቅ ውስጥ ስልኩን እያዞረ ያሳያል፤ እህት ሪያድ ውስጥ በሰው ኩሽና ቆማ ታያለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ነጩን እንዳትገዛ፣ የእግር ዱካ አይሸሽግም። የሚያብረቀርቀውንም ተወው፣ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል፣ እማ ውዱእ አድርጋ ስትመጣ ትወድቃለች። መገጣጠሚያው ጠባብ ይሁን፤ ሰፊው ቆሻሻ ይይዛል።» በዚህ ሐተታ ከጠቀስናቸው ሊቃውንት ሁሉ ስለ ሴራሚክ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሰው ወለል ስትወለውል ውላ ነው የተማረችው። ወንድምየው ነጩን ገዛ፤ ደላላው በእሱ ላይ ቅናሽ አለው ብሎት ነበር።

ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ምንጣፍ

ወለሉ ተጠናቀቀ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ጎረቤት ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ «ማሻአላህ» እያለ ገባ። ቄጠማ ተጎዘጎዘ፤ እርጥቡ ቄጠማ አዲሱ ሴራሚክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያወቅነው ትሪ ይዞ የገባው ልጅ ከእነ ሲኒው ሲንሸራተት ነው። እናት ከሳምንት በኋላ ጉልበቴን ይበርደኛል አሉ፤ ቆላም ቢሆን ሌሊቱ ሌሊት ነው። ሰላት የሚሰገድበት ቦታ ምንጣፍ ይፈልጋል። ፍራሹና መከዳው በግድግዳው ዙሪያ ተደረደረ፤ መሀሉም ባዶ ሆኖ ደስ አላለም።

ስለዚህ ትልቅ ምንጣፍ ተገዛ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ።

ከአምስት ኩንታል በላይ ሴራሚክ፣ ስድስት ኩንታል ሲሚንቶ፣ የተቆረጠ በርና የእህት የሁለት ዓመት ላብ አሁን ከምንጣፉ ሥር ናቸው። የሚታየው ዞኮሎውና የበሩ ደፍ ላይ ያለችው አንዲት ረድፍ ናት፤ የወተት ነጯም ያረፈችው እዚያው ረድፍ ላይ ነው። እኛ ግን ወጪው ባከነ አንልም። ባለቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምንጣፉን ጥግ ገለጥ አድርጎ ያሳያል።

ከአሥራ ስምንተኛው ካርቶን የተረፉት ሦስት ፍሬዎች ሥራ አላጡም። አንዷ የከሰል ምድጃው ሥር ናት፣ አንዷ የውሃ በርሜል ከድናለች፣ ሦስተኛዋን ጎረቤት «ለጀበና ማስቀመጫ» ብላ ወስዳለች። ሦስቱም ግን ለሥራቸው ሲባል አልተገዙም። ስለዚህ ይህን ሐተታ በሚመለከታቸው ፊት አቅርበን፣ በከሚሴ፣ በባቲና በሰንበቴ ለምትገኙ የግንባታ ዕቃ ነጋዴዎች በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን፦ ከየምርት ቁጥሩ አንድ ካርቶን ክፈቱና አስቀምጡ፤ ስልሳ ዘጠነኛዋን ለብቻዋ ሽጡልን።